አሮጌ የሙዚቃ ሸክላ ደረጃው እንዴት ይወጣል?

"ለዕድሜው በጣም ጥሩ ነው" የሚል ሻጭ ሲገጥማችሁ ጠንቀቅ በሉ። ዕድሜ ደረጃ አይሆንም። ሃምሳ ዓመት ቁም ሳጥን ውስጥ የኖረ ሸክላ ከፋብሪካ እንደወጣ ሊቆይ ይችላል። አምና የታተመ ደግሞ በአንድ የልደት ማታ ሊበላሽ ይችላል። ደረጃ የሚናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ዓይን ያየውና ጆሮ የሰማው ጉዳት ምን ያህል ነው? ብርቅነቱ፣ የዘፋኙ ስም፣ የአባታችሁ ማስታወሻ መሆኑ፣ እናንተ የከፈላችሁበት ገንዘብ፣ እነዚህ ሁሉ ዋጋውን ሊነኩ ይችላሉ። ደረጃውን ግን አይነኩም። እነዚህን ሁለቱን መለየት ከቻላችሁ ከባዱን ክፍል ጨርሳችኋል።

በእኛ አገር ሸክላ ላይ ይህ ይበልጥ ያስፈልጋል። አምሃ እሸቴ አምሃ ሬከርድስን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው። ከእሱ ጎን አሊ ታንጎ እየተባለ የሚታወቀው አሊ አብደላ ካይፋ በካይፋ ሬከርድስ፣ ፊሊፕስም በበኩሉ ብዙ ዘፈን አሳትመዋል። ከዚያ ካሴት መጣና የሸክላው ዘመን በአጭሩ ተዘጋ። ፈረንሳዊው የሙዚቃ አጥኚ ፍራንሲስ ፋልሴቶ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ በፈረንሳዩ የሙዚቃ አሳታሚ ቡዳ ሙዚክ በኩል "ኢትዮፒክስ" የተባሉትን ተከታታይ አልበሞች ሲያወጣ የዓለም ሰብሳቢ ፊቱን ወደዚህ ሙዚቃ አዞረ። አሁን ከአዲስ አበባም ከዋሽንግተንም ሸክላ የሚሸጡ ልጆች አሉ፣ ገዢዎቻቸው ፓሪስም ቶኪዮም ናቸው። ችግሩ እነዚያ ሸክላዎች ለሙዚየም የተቀመጡ አልነበሩም። መጠጥ ቤት ውስጥ፣ ሠርግ ቤት፣ ሳሎን ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ ተጫውተዋል። ስለዚህ ንጹሕ ሆኖ የተረፈ ጥቂት ነው፣ "ንጹሕ ነው" ተብሎ የሚሸጥ ግን ብዙ።

ሰብሳቢዎች የሚግባቡበት መለኪያ አለ። ጎልድማይን የተባለው የአሜሪካ የሰብሳቢዎች መጽሔት ያስለመደው ነው፣ ሸክላ በሚሸጥበት ዲስኮግስ በተባለው ድረ ገጽ ላይም የሚሠራበት እሱ ነው። ከላይ ወደ ታች እንዲህ ይሄዳል፦ ሚንት፣ ኒር ሚንት፣ ቬሪ ጉድ ፕላስ፣ ቬሪ ጉድ፣ ጉድ ፕላስ፣ ጉድ፣ ፌር፣ ፑር። እንግሊዞች በበኩላቸው "ኤክሰለንት" የሚል ደረጃ ይጠቀማሉ፣ ቦታውም ከቬሪ ጉድ ፕላስ ጋር ይቀራረባል። ከለንደን ገዢ ጋር ስትነጋገሩ በየትኛው መለኪያ እንደምታወሩ አስቀድማችሁ ተስማሙ።

ሚንትን እርሱት። እንከን የሌለው ማለት ነው፣ አንዴ ከተጫወተ በኋላ ማንም ቁምነገረኛ ሻጭ ይህን ቃል አይጽፍም። ኒር ሚንት ማለት ብርሃን ስር አገላብጣችሁ ምንም የረባ ነገር ያጣችሁበት፣ ሲጫወትም ጸጥ ያለ ሸክላ ነው። ቬሪ ጉድ ፕላስ ሰው እንደተጠቀመበት ያስታውቃል፣ ግን ተጠንቅቆ ነው። ቀጫጭን ጭረት ይኖረዋል፣ ድምፁ ላይ አይሰማም። ቬሪ ጉድ ላይ ጭረቱ ይታያል፣ ይሰማልም። በተለይ መግቢያው ላይና ዘፈኑ እየቀነሰ ሲያልቅ ጠቅ ጠቅ ይላል፣ ሙዚቃውን ግን አይሸፍነውም።

ከዚያ በታች ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ጉድ የተባለ ሸክላ በሰብሳቢ ቋንቋ ደካማ ነው። ጫጫታው ከዘፈኑ እኩል ይሰማል፣ ቦዩ (መርፌው የሚሄድበት ቀጭን መስመር) ተበልቷል፣ ሆኖም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳይዘል ይጫወታል። እዚህ ላይ ያዙኝ፦ ሳይዘል። መርፌው ከዘለለ ወይም አንድ ቦታ ቆሞ እየደጋገመ ካስቸገረ፣ ሌላው ሁሉ ቢያምርም ጉድ መሆኑ ቀርቶ ወደ ፌርና ፑር ይወርዳል። "አንድ ቦታ ብቻ ነው የሚዘለው፣ ሌላው ቬሪ ጉድ ፕላስ ነው" የሚባል ደረጃ የለም።

ገንዘቡን ለማወቅ ለሚቸኩል፣ በጎልድማይን ግምት ቬሪ ጉድ ፕላስ የኒር ሚንትን ግማሽ ያወጣል። ቬሪ ጉድ ሩቡን፣ ጉድ ከ10 እስከ 15 በመቶ፣ ፑር ከዜሮ እስከ 5 በመቶ። ብርቅ በሆነ ሸክላ ላይ ይህ ስሌት ይላላል፣ ምክንያቱም ገዢው የተሻለ ቅጂ የማግኘት ተስፋ የለውም። አንድ ደረጃ ከፍ አድርጎ መጻፍ ግን ዋጋውን በእጥፍ መጨመር እንደሆነ ከዚህ ይገባችኋል። ገዢው የሚቆጣው ለዚህ ነው።

ወደ ሥራው እንግባ። እጃችሁን ታጠቡና በደንብ አድርቁ። ሸክላውን ከሽፋኑ ስታወጡ በጣታችሁ ጎትታችሁ አታውጡት። የሽፋኑን አፍ ትንሽ ከፈት አድርጋችሁ ወደ መዳፋችሁ ዘንበል ስታደርጉት ራሱ ይንሸራተታል። ጠርዙን በመዳፍ፣ መሃሉን ሌብሉ (መሃል ላይ የተለጠፈው ክብ ወረቀት) ላይ በጣት ጫፍ ደግፉ። ድምፅ ያለበትን ቦታ ማንም አይንካ። የጣት ቅባት አቧራ ይይዛል፣ አቧራው መርፌ ሲሄድበት ቦዩ ውስጥ ይፈጫል።

ቀጥሎ ብርሃን። የጣሪያ መብራት አይበቃም፣ ረጅሙ ነጭ ፍሎረሰንትማ ጭረት ይደብቃል። ራሱን የቻለ አንድ የጠረጴዛ መብራት ወይም የስልካችሁን ባትሪ ተጠቀሙ፣ ክፍሉን ትንሽ አጨልሙት፣ ሸክላውን መብራቱ ስር ይዛችሁ ቀስ እያላችሁ አዘንብሉት፣ ብርሃኑ ላዩ ላይ እየተንሸራተተ ሲዞር ቀጥ ብላችሁ ስታዩት ያልታየው ሁሉ ይወጣል። በፀሐይም ይሆናል፣ ግን ሸክላ ፀሐይ ላይ አይቆይም።

ጭረት ሁሉ እኩል አይደለም። ከወረቀት ከረጢቱ ሲገባና ሲወጣ የሚመጣው ቀጭን ጭረት ብዙ ጊዜ አይሰማም። ቦዮቹን አቋርጦ የሚሄደው ይሰማል፣ በየዙሩ አንዴ ጠቅ ይላል። የከፋው ቦዩን ተከትሎ ወይም በትንሹ ዘንበል ብሎ የሚሄደው ነው። መርፌውን ይዞት ይሄዳል፣ መዝለልና መደጋገም የሚመጣው ከዚህ ነው። ጥልቀቱን ለማወቅ የጣታችሁን ጥፍር በጣም ለስለስ አድርጋችሁ በጭረቱ ላይ አሳልፉ። ጥፍራችሁ ከያዘው ጆሯችሁም ይይዘዋል። ካልያዘው ላዩን ነው፣ ተስፋ አለው።

ቀለሙንም እዩ። ጤነኛ ቦይ ጥቁርና አንጸባራቂ ነው። መርፌ የበላው ግራጫ ይመስላል፣ በተለይ የዘፈኑ ድምፅ ከፍ በሚልበት ቦታ። ዘመናዊ መርፌ ብዙውን ጊዜ ከ1.5 እስከ 2.5 ግራም ነው የሚጫነው፣ በየቤቱ የነበሩት ርካሽ ማጫወቻዎች ግን ከ5 ግራም በላይ ይጫኑ ነበር። መርፌው ካለቀ በኋላ ሳይቀየር ዓመታት ይሠራ ነበርና ቦዩን ቆርጦታል። ይህ ጉዳት ክፋቱ በዓይን ሁሌ አለመታየቱ ነው። ላዩ የሚያብረቀርቅ አንድም ጭረት የሌለበት ሸክላ ላይ ትራምፔቱና የዘፋኙ ከፍ ያለ ድምፅ እንደተቀደደ ስፒከር ሊሰነጠቅ ይችላል። በተቃራኒው ደግሞ ላዩ ጭረት በጭረት የሆነ አርባ አምስት (በደቂቃ 45 ዙር የሚጫወተው ትንሹ ሸክላ) ስትሰሙት የሚያስደንቅ ጉልበት ይኖረዋል፣ ድምፁ ገኖ ስለሚቀረጽ ጫጫታውን ይውጠዋል።

አሁን ጠፍጣፋ ማጫወቻ ላይ አስቀምጡትና ዓይናችሁን ከጎኑ እኩል አድርጋችሁ ሲዞር ተመልከቱ። ጠርዙ ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ ጠምዟል። ትንሽ ጥምዘት መርፌው ከተከተለውና ድምፁ ካልተዛባ ቬሪ ጉድ ፕላስን አያሳጣም፣ ግን መጻፍ አለበት። መርፌውን የያዘው ክንድ ወደ ግራና ቀኝ የሚወዛወዝ ከሆነ ደግሞ ቀዳዳው መሃል ላይ አልተበሳም፣ ረጅም የሳክስፎን ድምፅ ላይ ቅጥ ያጣ መዋዠቅ ታገኛላችሁ። ቀዳዳው ዙሪያ ያለውን ሌብልም እዩት። ሰዎች ቀዳዳውን ፍለጋ ሸክላውን ሲያንሸራትቱ የቀሩ ቀጫጭን የብረት ምልክቶች አሉ። ብዙ ከሆኑ ብዙ ተጫውቷል ማለት ነው፣ ሻጩ ምንም ቢል።

ሌብሉ ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈ ስም፣ የሱቅ ማህተም፣ የተለጠፈ ቁጥር በአገራችን ሸክላ ላይ የተለመደ ነው። ድምፁን አይጎዳም። እኔ በግሌ እወደዋለሁ፣ የማን እጅ እንደነበረ ይናገራል። ቢሆንም ሁሉም ሰብሳቢ እንደኔ አያስብምና ሳትደብቁ ጻፉት፣ ለመፋቅም አትሞክሩ።

ደረጃ ከማውጣታችሁ በፊት አጽዱ። የቆሸሸ ሸክላ ሲጫወት ከተጎዳ ሸክላ አይለይም። በለስላሳ ብሩሽ አቧራውን ካነሳችሁ በኋላ ዲስቲልድ ውሃ ላይ ጥቂት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ጨምሩ፣ በማይክሮፋይበር ጨርቅ ቦዩን ተከትላችሁ በክብ አብሱ፣ በንጹሕ ዲስቲልድ ውሃ ደግማችሁ አንሱት፣ ከዚያ ጥላ ላይ ቆሞ ይድረቅ። ውሃ ሌብሉን እንዳይነካ። ሙቅ ውሃ አይሆንም፣ ይጠመዝዛል። ክረምት አልፎበት እርጥበት ያገኘው ሸክላ ላይ ነጭ ሻጋታ ከታያችሁ ከሌሎቹ ለይታችሁ አጽዱት፣ የወረቀት ከረጢቱንም ጣሉትና አዲስ አልብሱት። ሻጋታው ከለቀቀ በኋላ አንዳንዴ ደብዘዝ ያለ ቦታ ይተዋል፣ እዚያ ላይ ሹሹታ ካለ ደረጃው ይወርዳል።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። እጃችሁ ላይ ያለው በደቂቃ 78 ዙር የሚጫወተው የጥንቱ ከባድ ሸክላ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጀርመን ሄደው ያስቀረጿቸው ዘፈኖች የወጡት በዚህ ዓይነቱ ላይ ነው። የተሠራው ሼላክ ከሚባል ሙጫ ነው፣ ከወደቀ ይሰበራል፣ አልኮል ያለበት ማጽጃ ደግሞ ያሟሟዋል። በተለመደው መርፌ አታጫውቱት። ቦዩ ሦስት እጥፍ ገደማ ስለሚሰፋ የራሱ መርፌ አለው። ስንጥቅ ካለበት ከጠርዙ ምን ያህል እንደገባ ለክታችሁ ጻፉ፣ ማጫወቱንም ለሚያውቅ ሰው ተዉት።

ማዳመጥ። ጊዜ የሚወስደው ይህ ነው፣ ሰው የሚዘለውም ይህን ነው። በዓይን ብቻ የወጣ ደረጃ ግማሽ ደረጃ ነው። ሃያ ሠላሳ ሸክላ ካላችሁ ሁሉንም መስማት አይቻል ይሆናል፣ ያኔ "በዓይን ብቻ የታየ" ብላችሁ በግልጽ ጻፉ። ውድ የሆነውን ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ ሁለቱንም ገጽ ስሙት። በጆሮ ማዳመጫ ቢሆን ይመረጣል። መርፌያችሁ ንጹሕና ያላለቀ ይሁን፣ አለበለዚያ ሸክላውን ስታዩት እያበላሻችሁት ነው።

ጠቅታው ከምን እንደመጣ ማወቂያ ዘዴ አለ። 33 ዙር ላይ ሸክላው አንዴ ለመዞር 1.8 ሰከንድ ይፈጅበታል፣ 45 ላይ 1.3 ሰከንድ ገደማ። ጠቅታው በዚያ ልክ እየጠበቀ ከመጣ ጭረት ነው፣ አይለቅም። ዝም ብሎ እዚህም እዚያም የሚፈነዳ ከሆነ አቧራ ወይም ደረቅ አየር የሚያመጣው ኤሌክትሪክ ነው፣ አጽድታችሁ ድገሙት። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያለማቋረጥ የሚንሾካሾክ ከሆነ ቦዩ ተበልቷል ወይም ሲታተምም እንዲሁ ነበር። ሲታተም የመጣ ጫጫታ የማንም ጥፋት አይደለም፣ ገዢው ግን ያው ይሰማዋል፣ ስለዚህ ይጻፋል። ወደ መሃል የቀረበውን የመጨረሻውን ዘፈን በተለይ ልብ በሉት። እዚያ ላይ ቦዩ በአጭር ዙር ብዙ ድምፅ ስለሚይዝ የመርፌ ጉዳት መጀመሪያ የሚሰማው እዚያ ነው።

አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። የሚዘል ሸክላ "እንዲስተካከል" ክንዱ ላይ ሳንቲም አትጫኑ። ድሮ በየቤቱ ይደረግ ነበር። ሳንቲሙ መዝለሉን ይደብቃል፣ በምትኩ ያንን ቦይ ለዘላለም ይቆርጠዋል። ሻጭ ቤት ስትሰሙም ክንዱን እዩ፣ የተጫነ ነገር ካለ አስነሱና ደግማችሁ ስሙ።

ሽፋኑ የራሱ ደረጃ አለው። ሁለቱን አትደባልቁ። "ሽፋን ጉድ ፕላስ፣ ሸክላ ቬሪ ጉድ" ተብሎ ይጻፋል። ሽፋኑ ላይ የምታዩት የተጣበቀበት ጠርዝ ተከፍቷል ወይ፣ ማዕዘኖቹ ተልጠዋል ወይ፣ የሸክላው ክብ ፊቱ ላይ ታትሟል ወይ፣ ውሃ ነክቶታል ወይ፣ ፀሐይ ቀለሙን ወስዶታል ወይ የሚለውን ነው። በፕላስተር የተጠገነ ሽፋን ከተቀደደው ያነሰ ዋጋ ሊያወጣ ይችላል፣ ፕላስተሩ ከጊዜ በኋላ ቢጫ ሆኖ ወረቀቱን ይበላዋልና። የተቀደደውን እንደተቀደደ ተዉት። ብዙዎቹ አርባ አምስቶቻችን የራሳቸው ሽፋን ጠፍቶ በነጭ ከረጢት ነው የሚገኙት። ያ ከሆነ "የራሱ ሽፋን የለውም" በሉ እንጂ ለከረጢቱ ደረጃ አትስጡ። ከሌላ ሸክላ ሽፋን አምጥቶ ማልበስ ማታለል ነው።

ሌላው ከደረጃ ጋር የሚምታታው የመጀመሪያ ኅትመት መሆን አለመሆኑ ነው። ኃይሉ መርጊያ ከዋሊያስ ባንድ ጋር እ.ኤ.አ. በ1977 በካይፋ ያወጣው "ቼ በለው" በ2014 እንደገና ታትሟል። የ2014ቱ ኒር ሚንት መሆኑ አያስደንቅም። የ1977ቱ ቬሪ ጉድ ሆኖ ከሱ ብዙ እጥፍ ሊያወጣ ይችላል። ስለዚህ ደረጃውን ብቻ ሳይሆን የትኛው ኅትመት እንደሆነ ጻፉ። ሌብሉን ፎቶ አንሱ፣ በሌብሉና በመጨረሻው ቦይ መካከል ባዶው ላይ የተቀረጸውን ቁጥርም ገልብጡ። ሰብሳቢ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው።

መግለጫው ሲጻፍ አጭርና ቁርጥ ያለ ይሁን። ለምሳሌ እንዲህ፦ "ሸክላ ቬሪ ጉድ፣ ታጥቦ ተሰምቷል። ሀ ገጽ መግቢያው ላይ ለአሥር ዙር ያህል ጠቅ ይላል፣ አይዘልም። ለ ገጽ ቀላል ሹሹታ ብቻ። ትንሽ ጠምዟል፣ ድምፅ አይነካም። ሌብሉ ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ ስም ተጽፏል። የራሱ ሽፋን የለውም።" ከዚህ ጋር መብራት ስር ዘንበል አድርጋችሁ ያነሳችሁት ፎቶ፣ ከተቻለም መግቢያውን በስልክ ቀድታችሁ ላኩ። በሁለት ደረጃ መካከል ከዋለላችሁ ዝቅተኛውን ጻፉ። ከጠበቀው የተሻለ ያገኘ ገዢ ተመልሶ ይመጣል፣ የከፋ ያገኘው ደግሞ ገንዘቡንም ያስመልሳል፣ የመላኪያውንም ወጪ ትከፍላላችሁ።

ስትልኩ ሸክላውን ከሽፋኑ አውጥታችሁ በራሱ ከረጢት ከሽፋኑ ጀርባ አድርጉት፣ አለዚያ መንገድ ላይ ሲወዛወዝ ጠርዙን ይከፍተዋል። ከላይና ከታች ጠንካራ ካርቶን ይግባ። ወደ ውጭ የሚሄድ ዘመድ የሚወስድላችሁ ከሆነ በእጅ ሻንጣ ይያዘው። ዱባይም ሆነ ሪያድ በበጋ መኪና ውስጥ የተረሳ ሸክላ ቤት ሲገባ ሳህን ሆኖ ነው የሚገባው።

ፑር የወጣለትን አትጣሉት። ካይፋም ይሁን አምሃ፣ ዘፈኑ እንደገና ያልታተመ ሊሆን ይችላል። እየዘለለም ቢሆን አንዴ በጥሩ መርፌ አጫውታችሁ ወደ ኮምፒውተር ቅዱት፣ የሌብሉን ሁለቱንም ገጽ ፎቶ አንሱ፣ የመሃል ቁጥሩን መዝግቡ። ከዚያ ልትሸጡት ከፈለጋችሁ ፑር ብላችሁ ሽጡት፣ ያንን ዘፈን ለዓመታት ሲፈልግ የኖረ ሰው ፑር መሆኑን እያወቀ ይገዛችኋል።